ከመስኮት የወጣ እጅ

ያልተቋጨ ነገር ያሳክከኛል። ሰው ወሬ ጀምሮ ስልክ ከጠራበት፣ አውርቶ እስኪመለስ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ። የተማሪ ፈተና ሳርም አንዱ መልሱን ሳይጨርስ ሰዓት አልቆበት ከሆነ፣ ቀሪውን በልቤ ካልጨረስኩለት ወደሚቀጥለው ወረቀት አልሻገርም። እህቴ ይህን ጠባዬን ስታይ "አላርፍ ያለች ጣት…" ብላ ትጀምርና ዝም ትላለች። ቀሪውን አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ፊት ግን አይጨረስም። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ተረቱን እንኳ አንጠልጥላ ትተወዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሴት ነኝ መጨረሻው የማይታወቅ የጃፓን ፊልም ላይ የወደቅሁት።

ነገሩ የመጣው በአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ከደብረ ማርቆስ እህል ይጭንና ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ ይመለሳል። ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ የጠቆረ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በመስኮት ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው ስለኖረ። ልጆች ሳለን "አንዱ ክንድህ የሌላ ሰው ነው" እያልን እንስቅበት ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ሲይዘው የቀረችለት ያቺ የጠቆረችው እጅ ብቻ ሆነች። አንደበቱም አብሮ ሄደ።

መስማቱን ይሰማል። ከአፉ የሚወጣው ግን "እእ" ብቻ ነው። ራሱን ይነቀንቃል፤ ግን ለሁሉም ይነቀንቃል። "ራበህ?" ስንለው ይነቀንቃል፤ "ጠገብህ?" ስንለውም ይነቀንቃል። ሐኪሙ እንደነገረን በእንዲህ ያለ ሕመም "አዎ" እና "አይደለም" ይደባለቃሉ። ጤነኛው ሰው ሁሉ የሚደባልቃቸውን ነገር በሽታ መባሉ ገረመኝ፤ ለሐኪሙ ግን አልነገርኩትም።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት እንደገባ የመጀመሪያ ጠቡ ከወንበሩ ጋር ነበር። ፊቱን ወደ መንገዱ ብናዞረው "እእ!"፣ ጀርባውን ለግድግዳው ብንሰጠው "እእ!" አለ። በመጨረሻ መስኮቱ በግራው በኩል ሲውልለትና ክንዱን ደፉ ላይ ሲያሳርፍ ዝም አለ። መስኮቱ ደግሞ ክፍት መሆን አለበት። የደብረ ማርቆስን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ትዘጋለች፤ እሱ ይጮኻል፤ ትከፍታለች። ሲመሽ፣ ሲነጋ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን አልወድ አለ። ድራማው ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ይቆጣል። እነሱ እንደ ልባቸው ሲንበለበሉ እሱ አንዲት ቃል ማጣቱ እንደሚያንገበግበው ገባኝ። ስለዚህ ቋንቋ የማያስፈልገው ፊልም መፈለግ ጀመርኩ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር አሮጌ ፊልም ሰብሳቢ ነው፤ በፍላሽ የጃፓን ፊልሞች ሞልቶ ሰጠኝ። ከሁሉም አንዱን የመረጥኩት ጥቁርና ነጭ ስለሆነና ሽፋኑ ላይ ትልቅ ኳስ ስላየሁበት ነው። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረው፤ አባቴና እህቴ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ለፍትሕ ብዬ አጠፋሁት። ሦስታችንም ጃፓንኛ አናውቅም፤ እኩል ሆንን። አባቴ ከታመመ ወዲህ እኩል የሆንበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል።

ፊልሙ እንዲህ ነው። በባሕር ጠረፍ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። ከሰማይ ትልቅ የብረት ኳስ ይወርድና ባሕሩ ላይ ያርፋል። ኳሱ የተንጠለጠለበት ክር ይታያል፤ እህቴ "ክሩን! ክሩን እዩት!" ብላ ሳቀች። ግን ብዙ ሳይቆይ ሳቁ ቀረ። ባሕሩ ይደርቃል። ወደ ኳሱ የተጠጋ ሰው ሁሉ ጥላው ይጠፋል፤ በጠራራ ፀሐይ ይቆማል፣ መሬቱ ላይ ግን ጥላ የለውም። ወታደሮች በመጫወቻ ታንክ ይመጣሉ፤ ምንም አይፈይዱም። አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ አንዲት ልጅም አለችው። የሱም ጥላ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ በገዛ እግሩ ተነሥቶ የደረቀውን ባሕር አቋርጦ ኳሱ ውስጥ ይገባል። ልጂቱ ትከተለዋለች። ደጃፉ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። አባትየው በሩ ላይ ሆኖ ዘወር ይላል፤ ቃል አይናገርም። እጁን ያነሣል፣ መዳፉን ወደ መሬት ያደርጋል፣ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ልጂቱ አንድ እግሯን ታነሣለች። ከዚያ ሁሉ ነገር ነጭ ይሆንና አንዲት የጃፓን ፊደል ትመጣለች። አለቀ።

"እና?" አለች እህቴ።

"እና ምን?"

"ገባች ወይስ ቀረች?"

"ገባች እንጂ! ጠራት እኮ።"

"ማን ነው የጠራት? አባረራት እንጂ! ፊቱን አላየሽውም? እንዲህ ተኮሳትሮ 'ነይ' የሚል አባት የት አለ?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት አባቴ "እእ" አለ። ዘወር ስንል ግራ እጁን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንሥቷል። መዳፉን ወደ መሬት አደረገ፤ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ልክ እንደ ሽማግሌው። እያየ የነበረው ደግሞ እኔን ነው፤ በሩ ጋ ቆሜ የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅል።

ሄድኩለት። እጄን እጁ ላይ አደረግሁ። አወጣትና ያንኑ ደገመው። ወደ ኋላ አልኩለት። አሁንም ያንኑ ደገመው።

ለምን እንደደነገጥኩ መናገር አለብኝ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ለተማሪዎች በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የሳይንስ ትምህርት የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝቼ ነበር። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ የሚጠበቅብኝ መሄድ ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ሥራ ነው። አባቴ አስታማሚ አላጣም፤ እህቴ ከኔ የተሻለች ናት፣ እኔማ ሾርባ ስሰጠው እንኳ አቃጥለዋለሁ። እኔን ያቃተኝ የልቡን ማወቅ ነው። "አባዬ፣ ልሂድ?" ስለው ይነቀንቃል። "ልቅር?" ስለው ይነቀንቃል። ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ፤ ነይ ካለኝ እቀራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ይኸው አሁን በእጁ አንዱን አለኝ፤ የቱን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ሆነ። ወደ በሩ በሄድኩ ቁጥር ያቺ የጠቆረች እጅ ትነሣለች። እህቴ "ሂጂ እያለሽ ነው፤ ከዚህ በላይ በምን ይንገርሽ?" ትላለች። ለኔ ደግሞ "ነይ" ነው። ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ መሬት አድርገን ጣቶቻችንን ወደ ራሳችን እናጥፋለን፤ ስናባርር ደግሞ ወደ ውጭ እንወረውራለን። የደከመ እጅ ግን ከየት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ አይታወቅም።

ወደ ፊልሙ ተመለስኩ። የሱን ካወቅሁ የአባቴንም አውቃለሁ የሚል ጅል ሐሳብ ያዘኝ። ኔትወርክ ሲመጣ ስለ ፊልሙ የተጻፈውን ፈልጌ አነበብኩ። ፈረንጆቹ በአብዛኛው አንድ ቃል ናቸው፤ አባትየው ልጁን አባሯታል ይላሉ። ከመካከላቸው ጃፓን የኖረ አንድ ሰው ግን ተሳስታችኋል፣ በዚያ አገር ሰው የሚጠራው እንዲህ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ነው ብሎ ጽፏል። ከወንበሬ ዘልዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

"ጃፓኖችም እንደኛ ነው የሚጠሩት!" አልኳት እህቴን።

ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "ታዲያ የሚያባርሩትስ እንደኛ ከሆነ?" አለችኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ፊልሙን አዘግይቼ አየሁት። ጣቶቹ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ ወይስ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ? ፊልሙ አርጅቶ ተፋፍቋል፤ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ምስሉ ይዘላል። ወደ ኋላ አጫወትኩት። ያው ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምለውን ነገር በራሴ ላይ አየሁት። የሚወዛወዝ ፔንዱለም ቀርጻችሁ ወደ ኋላ ብታጫውቱት ማንም አያውቅባችሁም እላቸዋለሁ። "ነይ" ወደ ኋላ ሲሄድ "ሂጂ" ነው። ላፕቶፑን በንዴት ስከድነው አባቴ ደንግጦ አየኝ።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጡ። ቅኔ ቤት ያረጁ፣ ነገር በአንድ መልኩ የማይበቃቸው ካህን ናቸው። አባቴ እኔን እያየ እጁን ሲያንቀሳቅስ አዩትና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

"አባ፣ ምን እያለኝ ነው? እርስዎ ይፍቱልኝ" አልኳቸው።

ጺማቸውን ያዙ። "'ነይ ልጄ' ሲል ነው። አንድም 'ሂጂ ልጄ' ሲል ነው፤ አባት ልጁን የሚሸኘው በእጁ ነውና።" ጥቂት አሰቡ። "አንድም ዝንብ ሲያባርር ነው።"

እህቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወጣች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

"አባ፣ አንዱን ይምረጡልኝ እንጂ።"

"ትርጓሜ ላይ አንዱን የሚመርጥ ሰሚው ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ጥሩ መልስ ነው፤ ለጉባኤ ይሆናል። ለኔ ግን እሳት ላይ የተጨመረ እንጨት ሆነብኝ። ሰሚው መምረጥ ቢችልማ ምን ይጠይቃል?

ሰሞኑን ሁሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ሻንጣ አወጣለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ በመስኮት አያለሁ። ቤት ስገባ እሱን እፈትነዋለሁ። ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ቶሎ እሄዳለሁ፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ። እሱም አይሰለቸውም። ፈራሁ። ጠርቶኝ ጥዬው ብሄድስ? ሂጂ ብሎኝ እንደ ግንድ ተጋርጬ ዕድሌንም የሱንም ፈቃድ ባበላሽስ? ከሁለቱም ሐሳብ ጋር እተኛለሁ፣ ከሁለቱም ጋር እነሣለሁ።

በመጨረሻ እህቴ ተቆጣች። "ሂጂና እዪው። ካልሆነልሽ መንገዱ የመጣሽበት ነው። አባዬን ግን እንዲህ እንደ ፈተና ወረቀት እያገላበጥሽ አታድክሚው" አለችኝ። ለመቅረትም ለመመለስም የምትሆን ትንሽ ሻንጣ ይዤ በማግስቱ በማለዳ ተነሣሁ። አባቴን ግንባሩን ስሜ ወጣሁ። ከውጭ ሆኜ በመስኮቱ ሳይ ክንዱ ከደፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል፤ እጁ ትንቀሳቀሳለች። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሲዞር አሁንም ትንቀሳቀስ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የያዝኩት ሚኒባስ ደጀን ሲደርስ ለቁርስ ቆመ። እኔ ምግብ አልወረደልኝም። ከመንገዱ ማዶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለሱ መኪኖች ረዳቶች ይጮኻሉ። ሻንጣዬን አውርዱልኝ አልኩ። አወረዱልኝ። እዚያ መንገድ ዳር በተሳቢዎቹ መካከል ቆሜ ወደ ግራ አያለሁ፣ ወደ ቀኝ አያለሁ። ከፊልሟ ልጅ በምን ተለየሁ? እሷ አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች፤ እኔ ሻንጣዬን አንሥቼ ቆምኩ።

"እህቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ልሂድ?" አለኝ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየኛል። ገባሁ። ወስኜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ቦታዬ ተይዞ ስለነበር ሹፌሩ አጠገብ ጋቢና ተቀመጥኩ።

ዓባይ በረሃን ወረድን፤ ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ከፊታችን አንድ ተሳቢ ጭነቱ ከብዶት እያቃሰተ ይዳክራል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ድንጋይ። የተሳቢው ኋላ መስኮታችንን ሞልቶት ሌላ የሚታይ የለም። ሹፌራችን ይጠጋል፣ ይመለሳል፤ ይጠጋል፣ ይመለሳል። እኔም በልቤ አብሬው እጠጋለሁ፣ እመለሳለሁ።

ያኔ ከተሳቢው ጋቢና በግራ በኩል አንድ ክንድ ወጣ። ጥቁር ክንድ። መዳፉን ወደ መሬት አደረገ። ጣቶቹን አንቀሳቀሰ።

"ምን እያለ ነው?" አልኩት ሹፌሩን።

"ማን?"

"እጁን ያወጣው ሰውዬ!"

"'ና፣ እለፈኝ' ነዋ።"

"'ና' ነው ወይስ 'ሂድ'?"

ዞር ብሎ አየኝ፤ ስለ ደጀኗ እብድ ያሰበው ነገር እውነት መሆኑን ሳያረጋግጥ አልቀረም። "ምን ልዩነት አለው? ሳልመጣ እንዴት አልፈዋለሁ? እሱ ከፊት ነው፤ መንገዱ ነፃ መሆኑን ያያል። እኔ ከዚህ ሆኜ የማየው የተሳቢውን ቂጥ ነው።"

ይህን እያለ መሪውን ወደ ግራ አዞረና አለፍነው። አጠገቡ ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁት። ሽማግሌ ሹፌር ነው። እኛን አያየንም፤ ዓይኑን ጥምዝምዙ ላይ ተክሎ ፊቱን አኮሳትሯል። ሹፌራችን ክላክሱን ሁለቴ አጭር አጭር አድርጎ ነካው።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ምስጋና ነዋ። ካላመሰገንከው እኮ ማለፍህን አያምንም፤ እጁን እንዳወጣ ይቀራል" ብሎ ሳቀ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ጥቁሩ ክንድ ወደ ጋቢናው ገባ።

እኔ የአባቴን መኪና ከውስጥ እንጂ ከኋላ ሆኜ አይቼው አላውቅም። ልጅ ሳለሁ አንዳንዴ ይዞኝ ሲሄድ እጁን በመስኮት ሲያወጣ ነፋስ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። እሱ ዘመኑን ሁሉ ከኋላው ላሉት ሰዎች ያንን ሲል ኖሯል፤ ልጁ ግን ምልክቱን አታውቅም። በኛ ቋንቋ "አለፈ" የሚባለው የሞተው ነው፤ ከታመመ ወዲህ ያቺን ቃል እንደ እሳት ስፈራት ነበር የከረምኩት። እሱ ግን የምታልፊው አንቺ ነሽ እያለኝ ነበር። መንገዱ ነፃ ነው፤ እኔ ከዚህ አየዋለሁ፤ ነይ፣ እለፊኝ። ጋቢና ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነስ አደረገልኝ።

በረሃው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ደወልኩ። እህቴ ገና ሳትጠየቅ ጀመረች፤ ከወጣሁ ጀምሮ እጁን ከመስኮቱ አላነሣም፣ ቁርስም እምቢ ብሏል፣ ብርዱ ይገድለዋል አለችኝ።

"ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊው" አልኳት።

"ምን ልትዪው?"

"አድርጊው ብቻ!"

ከዚያ ሹፌሩን ለመንኩት። መጀመሪያ አልገባውም። "አባቴ ሹፌር ነው፤ አሳልፎኛል" አልኩት። እጁን ክላክሱ ላይ አድርጎ ሁለቴ አጭር አጭር አድርጎ ነካው። ስልኩን ወደ ድምፁ አስጠጋሁት።

ከዚያ የእህቴ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ብሎ፣ እንደ መፍራት ብሎ።

"ምን አልሽው?" አለችኝ። "እጁን አስገባ። መስኮቱን ብዘጋውም ዝም አለኝ።"